የኮምፓስ መርፌ የምታሳየው ዋልታውን አይደለም

ኮምፓስ እንዴት ነው የሚሰራው ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው የሚመልሰው አንድ አይነት ነው፣ ሰሜን ዋልታ ጋ ትልቅ ማግኔት አለ፣ መርፌዋን ይስባታል፣ እሷም ወደዛ ዞራ ትቆማለች። ለፈተናም ሆነ ለእግር ጉዞ ይሄ መልስ ይበቃል፣ ችግሩ ልክ አለመሆኑ ነው፣ ደስ የሚለው የጉዳዩ ክፍል ያለውም እዛው ልክ ያልሆነበት ቦታ ላይ ነው። መርፌዋ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስላለው ዋልታ ምንም አታውቅም። የሚነካት እዛው ያለችበት ቦታ ላይ የሚያልፈው ማግኔቲክ ፊልድ (የማግኔት ጉልበት የሚሰራበት መስክ) ብቻ ነው፣ እሱ ወዴት ከዞረ ወደዛ ትዞራለች፣ በቃ።

ዝም ብላችሁ እመኑኝ አልልም፣ በቁጥር ማረጋገጥ ይቻላል። በአሁኑ ሰአት ሰሜናዊው ማግኔቲክ ዋልታ ያለው አርክቲክ ውቅያኖስ ውስጥ 86 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ነው፣ ምድር ከምትሽከረከርበት ትክክለኛው ሰሜን ዋልታ ከ500 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ማለት ነው። አሁን ኬፕታውን ላይ እንደቆማችሁ አስቡ። ከዛ ርቀት ሲታዩ ሁለቱ ዋልታዎች ጎን ለጎን ናቸው ማለት ይቻላል፣ መርፌዋ በእርግጥ ወደ ማግኔቲክ ዋልታው የምታመለክት ቢሆን ኖሮ ከትክክለኛው ሰሜን የምትርቀው ቢበዛ 5 ዲግሪ ገደማ ነበር። ኬፕታውን ላይ ግን የምትርቀው ወደ 25 ዲግሪ ነው፣ ወደ ምዕራብ። ኒውዚላንድ፣ ዌሊንግተን ላይ ደግሞ በተቃራኒው ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ምስራቅ ትዞራለች። እነዚህን አቅጣጫዎች ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ብትጓዙ የትኛውም መስመር ማግኔቲክ ዋልታው ጋ አያደርሳችሁም። ስለዚ "ዋልታው ሳባት" የሚለው ነገር እዚህ ጋ ይፈርሳል።

ሌላ በእጅ የሚሞከር ነገር አለ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። የልብስ መስፊያ መርፌ ውሰዱና በማግኔት አንድ ጫፍ ደጋግማችሁ እሿት፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ወደፊት ወደኋላ አይደለም። ከዛ ትንሽ የቡሽ ቁራጭ ላይ አስተኟትና ውሃ በሞላ የፕላስቲክ ሳህን መሃል ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሳፏት። መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ከዛ ቀስ ብላ መዞር ትጀምራለች፣ የምትቆምበትን ቦታ ትንሽ ታልፈዋለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትንሽ ታልፋለች፣ ከዛ ሰሜንና ደቡብን ይዛ ትረጋለች። አሁን ዋናውን ነገር ተመልከቱ፣ መርፌዋ ዞረች እንጂ ወደ ሰሜን በኩል ወዳለው የሳህኑ ጠርዝ አልዋኘችም። ማግኔቱን ራሱን ወደ ሳህኑ ጠጋ ብታደርጉት ግን ወዲያው እየዋኘች ትመጣለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ኮምፓስ ይሰራ የነበረው ሮበርት ኖርማን ይሄንን ልዩነት በደንብ አስተውሎ በ1581 (አመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጽፎታል፣ ምድር መርፌዋን ታዞራታለች እንጂ ወደራሷ አትስባትም።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የምድር ፊልድ ከመርፌዋ ርዝመት አንጻር ሲታይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። የመርፌዋ አንዱ ጫፍ ወደ ሰሜን በሚጎተትበት ኃይል ልክ ሌላው ጫፍ ወደ ደቡብ ይጎተታል፣ ሁለቱ ጉልበቶች ስለሚጣፉ መርፌዋ ከቦታዋ አትሄድም፣ ግን ፊልዱን አቋርጣ ከተኛች ሁለቱ ተባብረው ያዞሯታል። የመኪና መሪ በሁለት እጅ ይዛችሁ አንዱን እጅ ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ብትስቡ መሪው ይዞራል እንጂ ተነቅሎ አይመጣም፣ እንደዛ ነው። የምታመጡት ማግኔት ግን ቅርብ ስለሆነ አንደኛውን ጫፍ ከሌላኛው አብልጦ ይስበዋል፣ ለዛ ነው የምትዋኘው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚጋባበት ነገር አለ፣ ቶሎ ልለፈው። ተቃራኒ የማግኔት ጫፎች ይሳሳባሉ ይባል የለ፣ ታዲያ የመርፌዋ ሰሜን ጫፍ እንዴት ወደ ሰሜን ይዞራል? መልሱ ቀላል ነው፣ በፊዚክስ ህግ ከሄድን በምድር ሰሜን በኩል ያለው ዋልታ የደቡብ አይነት ነው፣ በደቡብ በኩል ያለው ደግሞ የሰሜን አይነት። ሰሜናዊው ማግኔቲክ ዋልታ የምንለው በሰሜን በኩል ስላለ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ኮምፓስ ጠፍጣፋ እቃ ስለሆነ ፊልዱም በመሬት ላይ ተነጥፎ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚሄድ ይመስለናል። አይደለም። ፊልዱ ከደቡብ በኩል ከመሬት ይወጣል፣ ተጠማዞ ይሄድና በሰሜን በኩል ተመልሶ ወደ መሬት ይገባል፣ ከመሃከል ካለው ቀጭን ቀበቶ ውጪ በየትኛውም ቦታ ላይ ወይ ወደ ታች ወይ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። መርፌን ወደ ላይና ወደ ታችም እንድትዞር አድርጋችሁ ብታንጠለጥሏት በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ሰሜን ጫፏ መሬት ውስጥ ልትገባ እንደፈለገች ሁሉ ቁልቁል ትደፋለች። ምድርን እንደ አንድ ቀላል ማግኔት ብንቆጥራት 45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የሚያዘነብለው ወደ 63 ዲግሪ ይደርሳል፣ ማለትም ፊልዱ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ታች ነው፣ የኪስ ኮምፓሳችን የሚጠቀመው አግድም የሆነውን የቀረውን ድርሻ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ኮምፓስ አምራቾች መርፌዋ እንዳትደፋ በአንድ በኩል ትንሽ ክብደት የሚጨምሩት፣ ለዚህም ነው ለአውሮፓ ተብሎ የተሰራ ኮምፓስ አውስትራሊያ ሲወሰድ መርፌው አዘንብሎ ከሽፋኑ ጋር እየታከከ አልዞርም የሚለው። ለየትኛውም ቦታ የሚሆኑ ኮምፓሶችም ይሰራሉ፣ ዋጋቸው ግን ወደድ ይላል።

ማግኔቲክ ዋልታ ምን እንደሆነ የሚገባን ይሄ ከገባን በኋላ ነው። ዋልታው መርፌዋን የሚስብ ተራራ ወይም የማግኔት ክምር አይደለም፣ ፊልዱ ቀጥ ብሎ 90 ዲግሪ ወደ ታች የሚገባበት ነጥብ ነው። ጄምስ ክላርክ ሮስ የሚባል እንግሊዛዊ የባህር ኃይል መኮንን በሰኔ 1 ቀን 1831 በአውሮፓ አቆጣጠር ሰሜናዊ ካናዳ ውስጥ ቡቲያ ልሳነ ምድር ላይ ደርሶ የመርፌዋን ማዘንበል ሲለካ 89 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ሆኖ አገኘው፣ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ ከ90 የቀረችው አንዲት የዲግሪ ደቂቃ ናት። ደስ የሚለው እዛ ቦታ ላይ አግድም የተቀመጡት ኮምፓሶቹ ወዴትም አልዞሩም፣ የሚያዞራቸው አግድም ጉልበት አልነበረማ። ዋልታው ጋ ስትደርሱ ኮምፓስ ከሁሉም ቦታ በላይ ትክክል ይሆናል ብሎ የሚያስብ አለ፣ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ኮምፓስ በጣም የማይረባው እዛ ነው፣ ከዋልታው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንኳን መርፌዋ ሰነፍና የማትታመን ትሆናለች።

በደቡብ በኩል ደግሞ በ1909 ጥር ውስጥ ኤጅዎርዝ ዴቪድ፣ ዳግላስ ሞውሰን እና አሊስተር ማካይ አንታርክቲካ ውስጥ በረዶ ላይ ሸርተቴ እየጎተቱ ዋልታው አለበት ወደተባለው ቦታ ደርሰው ነበር። ያ ዋልታ ዛሬ የብስ ላይ የለም፣ ከአንታርክቲካ ጠረፍ ወጣ ብሎ ባህር ላይ 64 ዲግሪ ደቡብ አካባቢ ነው ያለው። ሰሜናዊው ከትክክለኛው ዋልታ ከ500 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲርቅ ደቡባዊው ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። በሁለቱ መሃል መስመር ብታሰምሩ በምድር መሃል አያልፍም። ምድር ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ የማግኔት ዘንግ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ከነዚህ ሌላ በስሌት ብቻ የሚገኙ ሶስተኛ አይነት ዋልታዎችም አሉ፣ ጂኦማግኔቲክ ዋልታ ይባላሉ። ምድርን አንድ ቀላል ማግኔት ነች ብለን ብናስብ ዋልታዎቹ የት ይውሉ ነበር ለሚለው መልስ ናቸው፣ የሰሜኑ ካናዳ ውስጥ ኤልስሚር ደሴት ላይ ነው የሚውለው። በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው አረንጓዴ የአውሮራ ብርሃን ቀለበት ሰርቶ የሚዞረው በነዚህ ዙሪያ ነው። ዜና ላይ "ማግኔቲክ ዋልታው ተንቀሳቀሰ" ሲባል ግን የሚወራው መርፌ ቁልቁል ስለምትቆምበት ስለ ሮስ አይነቱ ነው።

እና ፊልዱ ከየት ነው የሚመጣው? ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ቋሚ ማግኔትነቱን ያጣል፣ የምድር እምብርት ደግሞ በሺዎች ዲግሪ የጋለ ነው፣ ስለዚ እዛ ውስጥ ቋሚ ማግኔት ሊኖር አይችልም። ያለው ሌላ ነገር ነው። 2,900 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ኒኬል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ብረት ይገኛል፣ ውፍረቱ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሱ ስር ደግሞ ጠጣሩ እምብርት አለ። ጠጣሩ ክፍል ቀስ እያለ እየረጋ ሲያድግ ሙቀትና ቀለል ያሉ ንጥረ ነገሮች ይለቃል፣ እነሱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፣ የምድር መሽከርከር ደግሞ ይሄን ፍሰት ይጠመዝዘዋል። ፈሳሹ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ነው፣ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነገር በማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከረንት ይፈጠራል፣ ከረንት ደግሞ ራሱ ፊልድ ይፈጥራል (ኦርስትድ የሚባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት በ1820 ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ አጠገብ መርፌ ስትዞር አይቶ ያረጋገጠው ይሄንን ነው)፣ እና ፊልዱ ከረንቱን፣ ከረንቱ ፊልዱን እየመገበ ይቀጥላል። ይሄ ሞተር ቢቆም ፊልዱ በአንድ ሌሊት አይጠፋም ግን በአስር ሺዎች አመታት ውስጥ ይከስማል።

የሚፈስ ነገር ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ስለዚ ፊልዱም ይቀያየራል፣ ይሄ ለመርፌዋ ምን ማለት እንደሆነ ከለንደን በላይ የሚያሳይ ቦታ የለም ምክንያቱም እዛ ለዘመናት ሲለካ ነው የኖረው። በ1580 ለንደን ላይ መርፌዋ ከትክክለኛው ሰሜን ወደ 11 ዲግሪ ወደ ምስራቅ ታዘነብል ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዜሮ ሆነ፣ ከዛ ወደ ምዕራብ ተሻገረ፣ በ1820 አካባቢ 24 ዲግሪ ምዕራብ ደረሰ፣ ከዛ መመለስ ጀመረና በ2019 ግሪንዊች ላይ ከ350 አመት በላይ ቆይቶ እንደገና ዜሮ ሆነ።

ሰሜናዊው ዋልታ ራሱም ከሮስ ጊዜ ጀምሮ ሲጓዝ ነው የኖረው። አብዛኛውን 20ኛው ክፍለ ዘመን በአመት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚሄደው፣ በ1990ዎቹ ፈጠነና በአመት ወደ 50 ኪሎ ሜትርና ከዛ በላይ ደረሰ፣ ከካናዳ ወጥቶ ወደ ሳይቤሪያ ማለት ነው፣ ሰሞኑን ደግሞ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ 35 አካባቢ ወርዷል። ከካናዳ ስርና ከሳይቤሪያ ስር እምብርቱ ጠርዝ ላይ ፊልዱ የሚጠነክርባቸው ሁለት ሰፋፊ ቦታዎች አሉ፣ የካናዳው እየተዳከመ ሲሄድ ዋልታው ወደ ሳይቤሪያው አደላ። እንግሊዞችና አሜሪካኖች አንድ ላይ ሆነው በየ5 አመቱ የሚያሳትሙት የአለም ማግኔቲክ ሞዴል አለ፣ ሞባይሎች፣ መርከቦችና አውሮፕላኖች የሚጠቀሙት እሱን ነው፣ ፊልዱ ከተገመተው በላይ ስለተቀየረ በ2019 ጊዜው ሳይደርስ ማሻሻያ ለማውጣት ተገደዋል። አየር ማረፊያዎችንም ይነካል፣ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የማኮብኮቢያው የኮምፓስ አቅጣጫ ወደ ቅርቡ አስር ተጠጋግቶ የመጨረሻዋ ዜሮ የተጣለችበት ነው፣ ፊልዱ ሲዞር ቁጥሩ ይቀየራል። ለንደን አጠገብ ያለው ስታንስቴድ በ2009 05 እና 23 የነበረውን 04 እና 22 አድርጎታል፣ አስፋልቱ ግን አልተነቃነቀም።

ካርታና ኮምፓስ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይሄ ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ነው የሚጠቃለለው፣ ዲክሊኔሽን ይባላል፣ መርፌዋ ከትክክለኛው ሰሜን የምትርቅበት ዲግሪ ነው። ወደ ምስራቅ ከሆነ ኮምፓሱ ባነበበው ላይ ትደምራላችሁ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ትቀንሳላችሁ። ዲክሊኔሽኑ 10 ዲግሪ ምስራቅ በሆነበት ቦታ ኮምፓሱ 90 ካለ በካርታው ላይ 100 ነው። ትንሽ ነገር አትምሰላችሁ፣ 10 ዲግሪ ስታችሁ 10 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ከምትፈልጉት ቦታ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃላችሁ፣ ጭጋግ ወይም ጨለማ ከሆነ አበቃ። የባህር ካርታ ላይ የአቅጣጫ ክቡ ውስጥ ቁጥሩ ከነአመቱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ለምሳሌ በ2015 4 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ምዕራብ፣ በአመት 8 ደቂቃ ወደ ምስራቅ የሚል ከሆነ እስከ 2025 ያለው ለውጥ 80 ደቂቃ ነው፣ አንድ ዲግሪ ከ20 ማለት ነው፣ ስለዚ የምትጠቀሙት 2 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ምዕራብ ይሆናል። አሮጌ ካርታ ይዛችሁ አመቱን ሳታዩ ቁጥሩን ብቻ እንዳትወስዱ።

ሌላው ጥንቃቄ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ነገር ነው። የምድር ፊልድ ገጽ ላይ ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ (የፊልድ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ማግኔት እንኳን ገጹ ላይ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ይጠነክራል። መርፌዋ ቅድም እንዳልነው የምትሰማው ያለችበትን ቦታ ነው፣ ፊልዱ ከምድር እምብርት ይምጣ ከሞባይል ስፒከር ወይም ከቦርሳ ቁልፍ እሷ አትለይም። ስለዚ መኪና፣ የብረት አጥርና የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ቆማችሁ አታንብቡ፣ ጥቂት ሜትር ራቅ በሉ። አንዳንዴ ድንጋዩ ራሱ ያሳስታል፣ ሩሲያ ውስጥ ኩርስክ አካባቢ ከመሬት በታች ያለው የብረት ማዕድን ብዛት ኮምፓስን ሙሉ በሙሉ ያዛባል።

ዋልታዎቹ ይገለበጣሉ ስለሚባለው ነገር ብዙ የሚያስፈራ ወሬ ስለሚወራ ጠቅለል አድርጌ ልንገራችሁ። መገልበጣቸው እውነት ነው፣ የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በጊዜው የነበረውን የፊልድ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል፣ ፈረንሳዊው በርናርድ ብሩን በ1906 በተቃራኒ አቅጣጫ የተሰለፈ ድንጋይ አገኘ፣ ጃፓናዊው ሞቶኖሪ ማቱያማ ደግሞ በ1929 በተቃራኒ የተሰለፉት ድንጋዮች ፊልዱ ተገልብጦ በነበረበት ዘመን የተፈጠሩ መሆናቸውን አሳየ። የመጨረሻው ሙሉ መገልበጥ የሆነው ከ780,000 አመት ገደማ በፊት ነው። ግን አንድ ቀን ጠዋት ተነስተን ኮምፓሱ ዞሮ አናገኘውም፣ ሂደቱ በሺዎች አመታት የሚቆጠር ነው፣ በመሃሉም ፊልዱ ይዳከምና በተለያየ ቦታ ከሁለት በላይ ዋልታ ሊኖር ይችላል። ባለፉት 200 አመታት ፊልዱ ወደ 9 በመቶ መድከሙ ተለክቷል፣ ሆኖም እንዲህ አይነት መውጣትና መውረድ ድሮም የነበረ ስለሆነ ይሄ ብቻውን መገልበጥ ጀመረ አያሰኝም።

ስለ ሞባይሉ ኮምፓስ ደግሞ፣ ውስጡ የምትዞር መርፌ የለም፣ ፊልዱን በሶስት አቅጣጫ የሚለካ ሴንሰር ነው ያለው፣ ስልኩ ያዘነበለበትን ከሌላ ሴንሰር ያገኝና አግድሙን አስልቶ ያወጣል። በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እያደረጋችሁ አዙሩት የሚላችሁ የስልኩ የራሱ ብረትና ማግኔት የፈጠረውን ፊልድ ለይቶ ለመቀነስ ነው፣ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚዞረው የስልኩ ነው፣ የማይዞረው የምድር ነው። ያላችሁበትን ቦታ በጂፒኤስ ካወቀ ዲክሊኔሽኑን ከአለም ማግኔቲክ ሞዴሉ አስልቶ ራሱ ይጨምርበታል ወይም ይቀንስበታል፣ አይፎን ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ኮምፓስ የሚለው ውስጥ እውነተኛ ሰሜንን ተጠቀም የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እሱ ከበራ የሚነግራችሁ የካርታውን ሰሜን ስለሆነ ዲክሊኔሽኑን ደግማችሁ አትደምሩ፣ ከጠፋ ግን የምታነቡት ልክ እንደ መርፌዋ ያላችሁበትን ቦታ ፊልድ ነው፣ ሂሳቡን የምትሰሩት እናንተ ናችሁ።